የቤት ሥራን መረዳዳትና መገልበጥ፡ ልዩነቱ ምን ላይ ነው?

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን ለተማሪዎችና ለወላጆች ከቀረበው)

በዛሬው ዝግጅታችን የምናነሳው ጉዳይ ማታ ማታ በየቤታችን የሚታይ፣ ነገር ግን ብዙም ትኩረት ያላገኘ ነው። እሱም ተማሪዎች በቤት ሥራ እርስ በርስ የሚረዳዱበት መንገድ ነው።

ልጅ ከትምህርት ቤት ተመልሶ ደብተሩን ይዘረጋል። አንዱ ጥያቄ ይገባዋል፣ ሌላው አይገባውም። ማንን ይጠይቅ? እናትና አባት ትምህርቱን ያልቀሰሙ ሊሆኑ ይችላሉ። ተምረው እንኳ ቢሆን ሥርዓተ ትምህርቱ ከእነርሱ ዘመን ወዲህ ተለውጧል። የግል አስጠኚ መቅጠር ደግሞ የብዙኃኑ አቅም የሚፈቅደው ነገር አይደለም። ስለዚህ ለአብዛኛው ተማሪ የቀረው አስጠኚ አጠገቡ የሚቀመጠው ጓደኛው ነው። ጥያቄው ይህ ጓደኛ የሚሰጠው እውቀት ነው ወይስ መልስ ብቻ? የሚለው ነው።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በዩኒቨርሲቲዎች በተሰጠው የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3 ነጥብ 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት ማብቂያ በተሰጠው ፈተናም ቁጥሩ ከ3 ነጥብ 2 በመቶ አላለፈም። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የመምህራን፣ የመጻሕፍት፣ የቋንቋና የሌላም ችግር አለበት። ሁሉንም በተማሪው ላይ መጫን ፍትሕ አይሆንም። ሆኖም አንድ ነገር ግልጽ ነው። ለዓመታት የቤት ሥራውን ከጓደኛው ደብተር ሲገለብጥ የኖረ ተማሪ፣ ጓደኛው አጠገቡ በሌለበት የፈተና አዳራሽ ብቻውን ሲቀመጥ የሚይዘው የሚጨብጠው ያጣል።

ልማዱ የቆየ ነው

ተማሪ ተማሪን ማስተማሩ ከውጭ የመጣ አዲስ ዘዴ አይደለም። በአገራችን፣ ለምሳሌ በወሎ እንደ ዳናና ገታ ባሉ የዒልም ማዕከላት፣ ከሩቅ አገር የመጡ ደረሶች ተሰባስበው ይቀሩ ነበር። ሸኹ ከፍ ያለውን ኪታብ ሲያቀሩ፣ የቆዩት ደረሶች ደግሞ አዲስ የመጡትን ይይዛሉ። ከትምህርቱ በኋላ ደረሶቹ የተማሩትን እርስ በርስ እየተጠያየቁ የሚከልሱበት ሙዛከራ የሚባል ልማድም አለ። በቤተ ክህነት ትምህርትም እንዲሁ ታላቁ ታናሹን ያስቀጽላል። በሁለቱም ዘንድ ትምህርቱን ለሌላው ማስረዳት ያልቻለ ሰው ገና እንዳልተማረ ይቆጠራል።

በዘመናዊው ትምህርትም ይኸው ተፈትኖ ታይቷል። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ፣ ዩሪ ትራይስማን የተባለ የሒሳብ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዓመታት አንድ ነገር ያስጨንቀው ነበር። ከየትምህርት ቤታቸው ጥሩ ውጤት ይዘው የመጡ ጥቁር አሜሪካውያን ተማሪዎች በካልኩለስ ትምህርት ይወድቁ ነበር፤ የቻይና ዝርያ ያላቸው ተማሪዎች ግን ይሳካላቸው ነበር። ብዙ መምህራን ምክንያቱ የፍላጎት ማነስ፣ የቤተሰብ ድህነት ወይም የመሠረት ድክመት ነው ብለው ይገምቱ ነበር። ትራይስማን ግን ግምቱን ትቶ ከሁለቱም ወገን 20፣ 20 ተማሪዎችን እንዴት እንደሚያጠኑ ቀርቦ ተመለከተ።

ያገኘው ነገር ከተገመተው የተለየ ነበር። ጥቁሮቹ ተማሪዎች ሰነፎች አልነበሩም። መምህሩ ባዘዘው መሠረት በሳምንት 8 ሰዓት ያህል ያጠኑ ነበር፤ ግን ብቻቸውን ነው። የቻይና ዝርያ ያላቸው ወደ 14 ሰዓት ያህል ያጠናሉ፤ ከዚህም ከፊሉን ጊዜ በኅብረት ነው። በመጀመሪያ እያንዳንዱ ለብቻው ይሠራል፣ ከዚያ ተሰባስበው መልስ ያመሳክራሉ። አንዱ ብቻ ከተሳሳተ ሌሎቹ ያርሙታል። ሁሉም ካቃታቸው ደግሞ ጥያቄው በእርግጥ ከባድ መሆኑን ተረድተው ወደ መምህር ይወስዱታል። ብቻውን የሚሠራው ተማሪ ግን ሲያቅተው ድክመቱ የእርሱ ብቻ ይመስለዋል፤ ያፍራል፣ አይጠይቅም። ትራይስማን ከዚህ ተነስቶ ተማሪዎች ከባድ ጥያቄዎችን አብረው የሚሠሩበት ፕሮግራም አዘጋጀ፤ የተሳታፊዎቹም ውጤት በግልጽ ተሻሻለ።

ውድ አድማጮቻችን፣ እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። መጀመሪያ ለብቻ፣ ቀጥሎ በጋራ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ መረዳዳቱ መገልበጥ ይሆናል።

በየትምህርቱ እንዴት እንረዳዳ?

የትምህርት ዓይነቶች ባሕርያቸው የተለያየ ስለሆነ እርዳታውም እንደዚያው ይለያያል። ጥቂቶቹን በምሳሌ እንመልከት።

ሒሳብ፦ በሒሳብ ዋናው እርዳታ ስህተቱ በየትኛው እርምጃ ላይ እንደገባ ማሳየት ነው። ለምሳሌ «ዋጋው 100 ብር የነበረ ዕቃ 20 በመቶ ጨመረ፤ በኋላ ደግሞ 20 በመቶ ቀነሰ። አሁን ስንት ነው?» የሚል ጥያቄ ቢቀርብ፣ ብዙ ተማሪ «100 ብር» ይላል። ረጂው ወዲያው «96 ነው» ብሎ መናገር የለበትም። «ከጨመረ በኋላ ስንት ሆነ? ሁለተኛው 20 በመቶ የሚሰላው ከየትኛው ቁጥር ላይ ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ጓደኛው ራሱ 120 ላይ ይደርሳል፤ የ120 ሃያ በመቶ 24 መሆኑን አይቶም 96ን ያገኛል። ያን ጊዜ ትምህርቱ የእርሱ ሆነ ማለት ነው።

ፊዚክስ፦ በፊዚክስ ብዙ ስህተት የሚመጣው ከመለኪያ አሃዶች ነው። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በሰከንድ ስንት ሜትር ይጓዛል? 72 ኪሎ ሜትር 72,000 ሜትር ነው፤ አንድ ሰዓት ደግሞ 3,600 ሰከንድ ነው። ስናካፍለው 20 ሜትር በሰከንድ ይሆናል። ቀመር በቃል የያዘ ልጅ አሃዱን ካላስተዋለ መልሱን ያበላሻል። ስለዚህ ጓደኛሞች ደብተር ሲተያዩ በመጀመሪያ አሃዱን ይመልከቱ።

ኬሚስትሪ፦ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ውሃ ሲሠሩ እኩልታውን ማመጣጠን ያስፈልጋል። ሁለት የሃይድሮጅን ሞለኪውል ከአንድ የኦክስጅን ሞለኪውል ጋር ሲዋሃድ ሁለት የውሃ ሞለኪውል ይሰጣል። አንዳንድ ተማሪ ግን ቁጥሩን ከፊት ማስገባት ሲገባው፣ በውሃ ቀመር ውስጥ ከኦክስጅን ግርጌ ሁለት ይጽፍበታል። ጓደኛው «ተሳስተሃል» ከማለት ይልቅ «እንዲህ ከጻፍከው እኮ ውሃ መሆኑ ቀረ፤ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የሚባል ሌላ ነገር ሆነ» ቢለው፣ ሕጉ ለምን እንደተደነገገ ይገባዋል፤ ዳግም አይረሳውም።

ጂኦግራፊ፦ የካርታ ልኬት 1 ለ50,000 ነው ሲባል በካርታው ላይ ያለ 1 ሳንቲ ሜትር በመሬት ላይ 50,000 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም ግማሽ ኪሎ ሜትር ነው። በካርታው ላይ 4 ሳንቲ ሜትር የሚርቁ ሁለት ቦታዎች በመሬት ላይ 2 ኪሎ ሜትር ይራራቃሉ። ሒሳብ የሚችለው ልጅ ጂኦግራፊ ለሚከብደው ሊደርስለት የሚችለው እንዲህ ባለው ቦታ ነው።

ታሪክ፦ ታሪክን ብዙዎች ዓመተ ምሕረት መሸምደድ አድርገው ይወስዱታል። በታሪክ የሚጠቅመው ጥያቄ «መቼ?» ብቻ ሳይሆን «ለምን?» የሚለው ነው። የአድዋ ጦርነት በ1888 ዓ.ም. ተካሄደ። ለምን? በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛውና በጣልያንኛው የተለያየ ስለነበር ነው። አማርኛው ኢትዮጵያ ከውጭ መንግሥታት ጋር በጣልያን አማካይነት መገናኘት ትችላለች ሲል፣ ጣልያንኛው ግዴታ ያደርገዋል። ጓደኛው ይቀጥልና «ታዲያ ጣልያን ይህን ለምን ፈለገች?» ይበለው። ሁለት ሦስት «ለምን» ከተጠያየቁ በኋላ ዓመተ ምሕረቶቹ በራሳቸው ቦታቸውን ይይዛሉ።

ቋንቋ፦ በእንግሊዝኛም ሆነ በአማርኛ ድርሰት ላይ ትልቁ ስህተት ጓደኛ የጓደኛውን ድርሰት ቁጭ ብሎ መጻፉ ነው። የሚገባው ግን አንብቦ «ይህ ዓረፍተ ነገር አልገባኝም» ብሎ ምልክት ማድረግ ነው። የሁለቱን ቋንቋዎች ልዩነት ማሳየትም ይረዳል። «ልጁ መጽሐፍ ገዛ» ስንል በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ በእንግሊዝኛ ግን ግሱ ከባለቤቱ ቀጥሎ ነው የሚገባው። ይህን ያልተረዳ ልጅ እንግሊዝኛውን በአማርኛ ስልት ሲጽፍ ይኖራል።

በነገራችን ላይ፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ በመሆኑ ብዙ ተማሪ የሚቸገረው በባዮሎጂው ወይም በፊዚክሱ ሳይሆን ጥያቄው በተጻፈበት ቋንቋ ነው። ስለዚህ ጓደኛሞች ጥያቄውን በመጀመሪያ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ተነጋግረው ይግባቡበት፤ መልሱን ግን ፈተናው በሚጠይቀው ቋንቋ ይጻፉት። አንዱ ብቻውን ቢደረግ ጎደሎ ነው።

የአንድ ለአምስት ትምህርት

በትምህርት ቤቶቻችን ተማሪዎች «አንድ ለአምስት» ተደራጅተው እንዲያጠኑ የተደረገበት ጊዜ ይታወሳል። ሐሳቡ ጎበዙ ደካማውን እንዲያግዝ ነበር። በብዙ ቦታ የታየው ችግር ግን ጎበዙ ይሠራል፣ ሌሎቹ ይገለብጣሉ፣ የሁሉም ስም ተጽፎ ወረቀቱ ይገባል። ጎበዙ ይሰለቻል፤ ሌላውም አይማርም።

መፍትሔው ማንም ሁልጊዜ ረጂ፣ ማንም ሁልጊዜ ተረጂ እንዳይሆን ማድረግ ነው። በሒሳብ የሚረዳው በእንግሊዝኛ ይረዳ። በፊዚክስ የሚከብደው በታሪክ አስረጂ ይሁን። እ.ኤ.አ. በ1971 በአሜሪካ ቴክሳስ፣ ኦስቲን ከተማ፣ ኤሊየት አሮንሰን የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር በዚህ ዓይነት ሞክሯል። ነጭና ጥቁር ልጆች በአንድ ክፍል እንዲማሩ በተደረገበት በዚያ ወቅት በልጆቹ መካከል ጠብ ነበር። ምሁሩ ትምህርቱን ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ክፍል ብቻ ሰጠ፤ ልጁም ያንን ለቡድኑ እንዲያስተምር አደረገ። አንዱ ያለሌላው ሙሉ ትምህርት ስለማያገኝ፣ ትናንት ይናቅ የነበረው ልጅ ዛሬ ተደማጭ ሆነ።

ለተማሪዎችና ለወላጆች

እንግዲህ ተማሪዎች ሆይ፣ በዚህ ሳምንት ልትጀምሩት የምትችሉት ይህ ነው።

አንደኛ፣ ከሦስት እስከ አምስት ሆናችሁ ተቧደኑ። ሰው ሲበዛ ጨዋታ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ከመገናኘታችሁ በፊት ሁላችሁም ለብቻችሁ ሞክሩ። ባዶ ደብተር ይዞ የመጣ መጀመሪያ ቁጭ ብሎ ይሞክር።

ሦስተኛ፣ የሚረዳው እስክሪብቶውን አይያዝ። እስክሪብቶው በተረጂው እጅ ይቆይ፤ ረጂው በአፉ ይጠይቅ፣ ያመላክት።

አራተኛ፣ በመጨረሻ ደብተር ይዘጋና የተረዳው ልጅ ጥያቄውን ከመጀመሪያው ጀምሮ ይሥራ። ካልቻለ ገና አልገባውም ማለት ነው፤ ነውርም የለበትም፣ ይደገም።

አምስተኛ፣ ሁላችሁንም ያቃታችሁን ጥያቄ ጽፋችሁ ለመምህራችሁ አቅርቡ።

ስልክን በተመለከተ አንድ ቃል እንጨምር። ዛሬ በቴሌግራም ቡድኖች የተሠራ የቤት ሥራ ፎቶግራፍ ሲዘዋወር ያድራል። ጥያቄ ሲጻፍለት መልስ የሚሰጥ ፕሮግራምም በየስልኩ ገብቷል። መሣሪያው በራሱ ክፉ አይደለም። «ይህን እርምጃ አስረዳኝ» ብላችሁ ከጠየቃችሁበት ይጠቅማል፤ መልሱን ብቻ ከገለበጣችሁበት ግን የጓደኛን ደብተር ከመገልበጥ በምንም አይለይም። የቤት ሥራ አማና ነው። መምህሩ ስማችሁ የተጻፈበትን ወረቀት ሲቀበል ሥራው የእናንተ ነው ብሎ አምኖ ነው።

ወላጆችም ድርሻ አላችሁ። ትምህርቱን ባታውቁት እንኳ ልጃችሁን «ዛሬ የተማርከውን እስቲ አስረዳኝ» ማለት ትችላላችሁ። ለማስረዳት ሲሞክር ያልገባው ቦታ ለራሱ ይገለጥለታል። ልጆቹ የሚገናኙበትን ቦታ አመቻቹላቸው፤ የጎረቤት ሳሎን፣ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ወይም የመድረሳው ክፍል ሊሆን ይችላል። ግማሽ ቀን ትምህርት ቤት፣ ግማሽ ቀን መድረሳ ለሚውሉት ከዐስር እስከ መግሪብ ያለው ጊዜ ሊመች ይችላል። በተለይ ሴቶች ልጆቻችንን እናስብ። ወንዱ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ሲያጠና እርሷ ውሃ ስትቀዳ፣ ሽንኩርት ስትልጥና ዕቃ ስታጥብ ከመሸባት፣ ደብተሯን የምትዘረጋው ሁሉም ከተኛ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የሚረዳት ጓደኛ የለም። የቤቱን ሥራ ለወንዱም ብታካፍሉት እርሷም ከእህቶቿና ከጓደኞቿ ጋር የምታጠናበት አንድ ሰዓት ታገኛለች።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ ገንዘብ ሲካፈሉት ይቀንሳል፤ እውቀት ግን ለሌላው ያካፈለው ሰው ራሱ የበለጠ ይረዳዋል። መልስ የሰጠ ጓደኛ ለአንድ ማታ ረድቷል፤ መንገዱን ያሳየ ግን ጓደኛው ብቻውን ለሚቀመጥበት የፈተና ቀን ስንቅ አስይዞታል።