«ቤሎ!» የሚሉት ቢጫዎች

ሰማያዊ ቱታ ለባሾቹ ሚኒየኖች በ2010 እ.ኤ.አ. «ዴስፒከብል ሚ» በተሰኘው የካርቱን ፊልም ብቅ ሲሉ፣ አፍንጫ ረጅሙ ወንበዴ ግሩ የሚያዛቸው ሎሌዎች ነበሩ። ልጆቹን የማረኩት ግን ከጌትየው ይልቅ እነሱ ናቸው። ሲገናኙ «ቤሎ!» ይላሉ፤ ሲለያዩ «ፑፓዬ!»። ትርጉሙ ይነገረኝ ያለ ሕፃን የለም።

ከዚያ ሁሉ ጫጫታ ጀርባ ያለው አንድ ጎልማሳ ነው። ከፊልሙ ሁለት ዳይሬክተሮች አንዱ የሆነው ፈረንሳዊው ፒየር ኮፋን የሚኒየኖቹን ድምፅ ራሱ ይሰጣል። አባቱ ዲፕሎማት፣ እናቱ ደግሞ ስመ ጥሯ የኢንዶኔዥያ ደራሲ ኤንሃ ዲኒ ናቸው፤ በልጁ ጆሮ የተጠራቀመው ቋንቋ ታዲያ ወደ ካርቱኑ ተንጠባጥቧል። ምስጋናው «ተሪማ ካሲ» ከኢንዶኔዥያ፣ ጽዋ ማጋጫው «ካምፓይ» ከጃፓን፣ «ጄላቶ» ከጣሊያን የመጡ ናቸው። የተቀረው አፍ ላይ የሚጣፍጥ እንቶ ፈንቶ ነው፤ «ባናና!» የምትለዋ ጩኸት ሳትዘነጋ።

«ቤሎ» የምትገባን በዜማዋ ነው። ድምፁ ወደ ላይ ይወጣል፣ ዓይን ይፈጥጣል፣ እጅ ይውለበለባል። የእኛ ልጆች የወፍ ቋንቋ ሥራው ሌላ ነው፤ በቃሉ መሐል ባዕድ ድምፅ እየተሰነቀረ ወሬው ከጎረቤት ጆሮ ይሸሸጋል። የሚኒየኖቹ ግን በሩን ወለል አድርጎ ለማንም ይከፍታል። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው «ሚኒየንስ» ኬቪን፣ ስቱዋርትና ቦብ የሚባሉ ሦስት ዋና ገጸ ባሕርያቱን በዚሁ ቋንቋ እያስለፈለፈ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ።

መንገዱን ቀደም ብሎ የጠረገው የስዊዘርላንዱ የጭቃ ፔንግዊን ፒንጉ ነው። አፉን እንደ ጥሩምባ አሹሎ «ኑት ኑት!» ሲል ሰላምታም፣ ኩርፊያም፣ ጥሪም ይሆንለታል፤ የትኛው እንደሆነ ፊቱን አይቶ መለየት ነው። ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተላለፈው በዚህ ፊልም አባትንም፣ እናትንም፣ ጓደኛንም ሆኖ ሲጮህ የኖረው ጣሊያናዊው ካርሎ ቦኖሚ ነው፤ ዘዬውን ያፍታታው በ1971 እ.ኤ.አ. በተጀመረው «ላ ሊኒያ» ካርቱን ላይ ነበር። ፒንጉ ወደ እንግሊዝ ኩባንያ እጅ ሲገባ የቦኖሚን ቦታ የያዙት ዴቪድ ሳንትና ማርሴሎ ማኒ ናቸው። ማኒ በለንደን መድረክ ከንግግር ይልቅ በሰውነት እንቅስቃሴ ታሪክ የሚነግር የቲያትር ሰው ነበር።