በማን ቁና ይሰፈር?

እንበል፦ አንዲት እናት ቅዳሜ ከላሊበላ ገበያ ጨው ገዝታ ገባች። ልጇ ከረጢቱን አገላብጦ የተጻፈውን አነበበ።

«እማዬ፣ አፍዴራ ይላል።»

«አፍዴራ ደግሞ የት ነው?»

«አፋር ውስጥ ነው፣ እማዬ።»

«ድሮ የአሰብ ጨው ነበር የሚባለው። የአሰቡ ምነው ቀረ?»

ጥያቄዋ ትልቅ ጥያቄ ነው። መልሱ ያለው በሁለት አገሮች የንግድ ውል ውስጥ ነው። እስቲ ከመጀመሪያው እንየው።

ነፃ ንግድ ማለት ምን ማለት ነው?

ዕቃ ከአንድ አገር ወደ ሌላው ሲገባ ኬላ ላይ ይፈተሻል። መንግሥትም ቀረጥ ያስከፍላል። ነጋዴው ግን ቀረጡን በዕቃው ዋጋ ላይ ይጨምረዋል። ስለዚህ ዞሮ ዞሮ የሚከፍለው ገዢው ነው።

ሁለት አገሮች «አንተ በእኔ ዕቃ ላይ ቀረጥ አትጣል፤ እኔም ባንተ ዕቃ ላይ አልጥልም» ብለው ይዋዋሉ እንበል። ይህ የነፃ ንግድ ስምምነት ይባላል። ዕቃው ይረክሳል፤ ገበያው ይሰፋል። ጉዳትም አለው። መንግሥት የቀረጡን ገቢ ያጣል። ከውጭ የሚገባው ዕቃ በጣም ከረከሰ፣ ያንኑ ዕቃ አገር ውስጥ የሚሠራው ሰው ገዢ ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ውሉ በዝርዝር ይጻፋል። የትኛው ዕቃ በነፃ ይግባ? ክፍያው በየትኛው ገንዘብ ይሁን? ጠብ ቢነሣ ማን ይዳኝ? ይህ ሁሉ አስቀድሞ መወሰን አለበት።

የኢትዮጵያና የኤርትራ ንግድ

ኤርትራ ግንቦት 16 ቀን 1985 ዓ.ም. ራሷን የቻለች አገር ሆነች። ሁለቱ መንግሥታት በዚያን ጊዜ ወዳጆች ነበሩ። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ልዩ ልዩ ስምምነቶችን ተፈራረሙ። ዕቃ በመካከላቸው ያለ ቀረጥ እንዲያልፍ ተስማሙ። ኢትዮጵያም በአሰብና በምጽዋ ወደቦች ትጠቀም ነበር። ኤርትራም ገና የራሷን ገንዘብ አላወጣችም ነበርና ሁለቱም የሚገበያዩት በብር ነበር።

ንግዱም ደራ። ከኢትዮጵያ ጤፍ፣ ቡናና ሌላም እህል ይሄዳል። ከኤርትራ ጨው፣ ጫማና ሌላም የፋብሪካ ዕቃ ይመጣል። ኤርትራ ወደ ውጭ ከምትሸጠው ዕቃ ከግማሽ የሚበልጠውን የምትገዛው ኢትዮጵያ ነበረች። ከባሕር ማዶ ለኢትዮጵያ የሚመጣው ዕቃም አብዛኛው በአሰብ ይገባ ነበር። ለወሎ ደግሞ የአሰብ መንገድ የደጅ መንገድ ነው። መኪናው ከአሰብ ሚሌ፣ ከሚሌ ባቲ፣ ከባቲ ኮምቦልቻና ደሴ ይወጣል። ከዚያ ወልድያ ይደርሳል። በጋሸና አድርጎም ላሊበላ ይገባል።

ሁለት ቁና

በ1990 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ኤርትራ ናቅፋ የተባለ የራሷን ገንዘብ አወጣች። ኢትዮጵያም በዚያው ሰሞን የብር ኖቶቿን ለወጠች። ክርክሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ጎረቤታሞች እህል ይበዳደራሉ እንበል። ለብዙ ዘመን የሚሰፍሩት በአንድ ቁና ነበር። አንድ ቀን አንደኛው አዲስ ቁና ይዞ መጣ።

«አያ፣ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ እሰፍርልሃለሁ። ካንተው ቁና እኩል ነው።»

«እኩል መሆኑን በምን አውቃለሁ? እኔ ሁለታችንም በምናውቀው በሦስተኛ ቁና ይሰፈር ባይ ነኝ።»

የሁለቱ አገሮች ነገርም እንደዚሁ ነበር። ኤርትራ አንድ ናቅፋ እንደ አንድ ብር ይቆጠር፤ ሁለቱም ገንዘብ በሁለቱም አገር ይሥራ አለች። ኢትዮጵያ ደግሞ የለም፤ በጠረፍ ካለው ትንሽ ንግድ በቀር ክፍያው በባንክ በኩል በዶላር ይሁን አለች። ትንሽ የተባለው እስከ 2,000 ብር የሚደርሰው ነው። ሳይስማሙ ቀሩ። ቀረጥ ባይኖርም ነጋዴው በምን ይክፈል? ንግዱ ተዳከመ።

በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ጦርነት ሆነ። የጦርነቱ መነሻ የድንበር ጠብ ነው። መንገዱ ተዘጋ፤ የኢትዮጵያ ዕቃ ወደ ጅቡቲ ወደብ ዞረ። በ1993 ዓ.ም. በአልጀርስ የሰላም ውል ቢፈረምም የንግዱ መንገድ ሳይከፈት ብዙ ዓመት አለፈ።

ጉዳቱ ማጀት ገባ

ከጦርነቱ በፊት ከኤርትራ ይመጣ የነበረው ጨው አዮዲን የተጨመረበት ነበር። አዮዲን ከእንቅርት የሚጠብቅ፣ ለሕፃናት አእምሮም የሚያስፈልግ ንጥረ ነገር ነው። በደጋ አገር ጎርፍ አፈሩን ስለሚያጥበው አዮዲን ከእህሉ ይጎድላል። ስለዚህ ለደጋ ሰው ጨዉ መድኃኒት ነው።

የአሰቡና የምጽዋው ጨው ሲቀር የአፍዴራ ጨው ተተካ። ይህ ለአገር ጥሩ ሆነ፤ ለአፋርም ሥራ ሆነ። ግን ለብዙ ዓመት አብዛኛው ጨው በቂ አዮዲን አልነበረበትም። በ1997 ዓ.ም. በተደረገ ጥናት በቂ አዮዲን ያለበት ጨው የተገኘው ከ100 ቤት በ20ው ብቻ ነው። በ2003 ዓ.ም. ጨው ሁሉ አዮዲን ይጨመርበት የሚል ደንብ ወጣ። በ2008 ዓ.ም. ከ100 ቤት 89 ያህሉ አዮዲን ያለበት ጨው ያገኝ ጀመር። የሁለት አገር ንግድ ሲቋረጥ የተጎዳው ነጋዴው ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ እናያለን።

ሁለተኛው ዕድል

በሐምሌ 2010 ዓ.ም. የሁለቱ አገሮች መሪዎች አሥመራ ላይ ሰላም ፈረሙ። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በዛላምበሳና በቡሬ በሩ ተከፈተ። ሕዝቡ ተላቀሰ፤ ነጋዴውም እህሉን ጭኖ ጎረፈ። ቀረጥ የሚጠይቅ አልነበረም። ብርና ናቅፋ በስንት ይመንዘር፣ ምን ዕቃ ይለፍ የሚል ደንብ ግን ለነጋዴው አልተገለጠለትም። ዓመቱ ሳይሞላ ሁለቱም በሮች ተዘጉ።

ምን እንማራለን?

መዋደድ ለንግድ በር ይከፍታል። በሩን ክፍት አድርጎ የሚያቆየው ግን የተጻፈና የተሟላ ውል ነው። ስለ ቀረጥ ተዋውሎ ስለ ገንዘብ መዘንጋት፣ ሳይቋጥሩ ሸክም መጫን ነው፤ መንገድ ላይ ይፈታል። ለቤታችንም ያው ነው። እህል ስታበድሩ፣ መሬት ለእኩል ስትሰጡ፣ በማን ቁና እንደሚሰፈር አስቀድማችሁ ጻፉ። ከመፈረማችሁ በፊትም አንብቡ።

የጨው ከረጢት ስትገዙም እንዲሁ አንብቡ። «አዮዲን» የሚለው ቃል አለበት?