ጠጥቶ የገደለ ነጂ በሕግ ፊት

አንባቢ ሆይ፤ ከመሸታ ቤት ወጥቶ መኪናውን የሚያስነሣ ሰው መንገደኛ ለመግደል አስቦ እንደማይነሣ የታወቀ ነው። ነገር ግን መንገደኛው ከሞተ በኋላ «አስቤ አላደረግሁትም» ማለት ሟቹን አያስነሣም፤ ነጂውንም ከፍርድ አያድንም። እንግዲህ ሕጋችን ስለዚህ ሰው ምን ይላል?

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በቁጥር 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን በሦስት ደረጃ ይከፍለዋል። በመጀመሪያው ደረጃ የሚወድቅ ማንኛውም ሰው ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም ከ2,000 እስከ 4,000 ብር መቀጮ ይፈረድበታል። በሁለተኛው ደረጃ እንደ ሐኪምና እንደ መኪና ነጂ የሌላውን ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ሰው ይገኛል፤ ቅጣቱም ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራትና ከ3,000 እስከ 6,000 ብር መቀጮ ነው። ሦስተኛው ከሁሉ የከበደ ነው። ሁለት ወይም ከዚያ የበለጡ ሰዎችን የገደለ፤ ግልጽ የሆነውን ደንብ ሆነ ብሎ የጣሰ፤ ወይም በመጠጥ ወይም በሚያደነዝዝ ነገር ራሱን ኃላፊነት ወደማይሰማው ሁኔታ ያገባ ሰው ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ10,000 እስከ 15,000 ብር መቀጮ ይጠብቀዋል።

«ሰክሬ ነበርና ራሴን አላውቅም» የሚል መከላከያ በብዙ ሰው አፍ ይገኛል። ሕጉ ግን ይህን በር በቁጥር 50 ዘግቶታል። ብርጭቆውን ያነሣው ነጂው ራሱ ስለሆነ በገዛ እጁ ያመጣው ስካር ቅጣት ማቅለያ ሊሆንለት አይችልም።

ይህ ነገር በአዲስ አበባ ጐዳና ብቻ የሚደርስ እንዳይመስልህ። በጋምቤላ ክልል፤ በኢታንግ አካባቢ፤ በየካቲት 2006 ዓ.ም. የተከፈተው የትየርኪዲ የስደተኞች ጣቢያ አለ። በዚያ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት ሸሽተው የመጡ ሰዎች፤ አብዛኞቹም ሴቶችና ሕፃናት፤ ተጠልለዋል። በእንዲህ ያለ ስፍራ ሕዝቡ በእግሩ ይሄዳል፤ እህል የጫነው መኪናም በዚያው መንገድ ያልፋል። ሕጉ ነጂው የድርጅት ሠራተኛ ነው፤ የመንግሥት ሹም ነው፤ ስደተኛ ነው ብሎ አይለይም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ ለስደተኛው መንጃ ፈቃድ የማግኘት መብት ሲሰጠው፤ የአገሩን ሕግ የማክበር ግዴታም ጥሎበታል።

ፍርዱ በሕግ እጅ ሳይገባ ሲቀር የሚደርሰውን ጥፋት በዚያው ክልል አይተናል። ሚያዝያ 13 ቀን 2008 ዓ.ም. በጀዊ የስደተኞች ጣቢያ አንድ የእርዳታ ድርጅት መኪና ሁለት የስደተኞች ልጆችን ገጭቶ ገደለ። በቁጣ የተነሡ ሰዎች በአደጋው እጃቸው የሌለበትን ከአሥር የማያንሱ ኢትዮጵያውያን በበቀል ገደሉ። ይህን የማነሣው ነጂው ጠጥቶ ነበር ለማለት አይደለም፤ በቀል በዳዩንና ንጹሑን እንደማይለይ ለማሳየት ነው።

በኑዌር ባህል የገዳዩ ወገን ለሟች ቤተ ሰብ በከብት የደም ካሣ ይከፍላል፤ ሽማግሌዎችም ያስታርቃሉ። ይህ ቂምን የሚያበርድ መልካም ልማድ ነው። ዳኛውም ጥፋተኛው ተጸጽቶ መካሡን አይቶ ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል። ይሁን እንጂ ዕርቁ የወንጀሉን ክስ አያስቀርም።

የገንዘቡም ነገር አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የመኪናውን ባለቤት ተጠያቂ ያደርገዋል፤ ነጂው ያለ ፈቃዱ ቢነዳውም እንኳ፤ መኪናው የተሰረቀ ካልሆነ በቀር ኃላፊነቱ አይነሣለትም። ሟቹ ይረዳቸው የነበሩት ሚስት፤ ልጆችና ወላጆች የመተዳደሪያ ካሣ መጠየቅ ይችላሉ። ለኅሊና ጉዳት ግን ያው ሕግ በቁጥር 2116 የወሰነው ከ1,000 ብር የማይበልጥ ነበር። ልጁ ለሞተበት አባት ይህ ምን ያህል መጽናኛ እንደሚሆን አንተው ፍረድ።

በጃፓን አገር እ.ኤ.አ. በ1999 ሰካራም የጭነት መኪና ነጂ ሁለት ሕፃናት እኅትማማቾችን ከገደለ በኋላ፤ ሕዝቡ ቅጣቱ ቀለለ ብሎ ፊርማ በማሰባሰቡ በ2001 አዲስና ጠንካራ ሕግ ወጥቷል። እኛ ከባዱን አንቀጽ አስቀድመን ጽፈናል። የሚቀረው ፖሊስ ሲመረምር፤ ምስክርም ሲጠራ፤ አንቀጹ በሥራ እንዲውል ማድረግ ነው።

ስለዚህ አንባቢዬ፤ ደመወዝ በተቀበልህበት ማታ ከጓደኞችህ ጋር ብትጫወት ይህን አስብ። ቡና መጠጣት ወይም ፊትን መታጠብ እንቅልፍን ያባርር ይሆናል እንጂ አልኮሉን ከደም አያወጣም፤ ጉበት በራሱ ጊዜ ቀስ እያለ ነው የሚያጣራው። እንግዲህ ቁልፉን ላልጠጣ ሰው ስጥ፤ እንዲህ ያለ ሰው ከሌለም መኪናው በቆመበት ይደር። ጓደኛህ ጠጥቶ «እኔ አልሰከርሁም» ቢልህም ቁልፉን ተቀበለው፤ ለዚያች ሌሊት ይቀየምህ ይሆናል፤ ነገር ግን በማግሥቱ ጧት ፖሊስ ጣቢያ ሄደህ ከምትጠይቀው ይህ ይሻላል።