ጆሮ ሲጮኽ

ለምርመራ ከሚመጡልኝ አዛውንቶች ብዙዎቹ “መስማት አቃተኝ” አይሉም። “ጆሮዬን ጭው ይለኛል” ነው የሚሉት። ሌሊት ይብስባቸዋል፤ እንቅልፍ ይነሳቸዋል፤ “አእምሮዬ ሊነካ ይሆን?” ብለው የሚፈሩም አሉ። የመስማቱን ነገር የሚያነሳው አብሮ የመጣው ልጅ ነው፤ እሱም በቅሬታ፦ “አባባ ሲፈልግ ይሰማል።”

ሁለቱ አቤቱታዎች አብዛኛውን ጊዜ ምንጫቸው አንድ ነው። በውስጠኛው ጆሮ፣ ቀንድ አውጣ በሚመስለው ክፍል፣ ድምፅን ለነርቭ የሚያቀብሉ 15,000 ያህል ጥቃቅን ሕዋሳት አሉ። ከሞቱ አይተኩም። ዕድሜ ይጨርሳቸዋል፤ እንደ ጄንታማይሲን ያሉ መድኃኒቶች ይጎዷቸዋል፤ ዕድሜውን ወፍጮ ቤት የገፋ ሰው ደግሞ በድምፅ ብዛት ያጣቸዋል። ቀድመው የሚሄዱት ቀጫጭን ድምፆችን የሚለዩት ናቸው። ስለዚህ ሰውየው ድምፅ ይሰማል፣ ቃል ግን አይለይም፤ “ሰፋ”፣ “ከፋ” እና “ተፋ” አንድ ይሆኑበታል። ድምፀ ወፍራሙ ጎረቤት የሚለው ይገባዋል፤ ትንሿ የልጅ ልጁ የምትለው ያመልጠዋል። “ሲፈልግ ይሰማል” የሚያሰኘው ይህ ነው። ይህ አባባል ከየቤቱ ቢጠፋ እወዳለሁ፤ ጉዳትን ጠባይ አድርጎ ሰውን ያስወቅሳል።

ጩኸቱስ? ከጆሮ የሚደርሰው ሲያንስበት አንጎል፣ ጣቢያ እንደጠፋበት ሬዲዮ፣ የራሱን ድምፅ ከፍ ያደርጋል፤ ብዙ ባለሙያዎች የሚስማሙበት ማብራሪያ ይህ ነው። ጸጥታ የሚያባብሰውም ለዚህ ነው። በሌሊት ሬዲዮ ዝቅ አድርጎ መክፈት ብዙዎችን ያሳርፋል። ነጭ ሽንኩርትና ዘይት ጆሮ ውስጥ መጨመር ግን አያድንም፤ ታምቡሩ የተቀደደ ከሆነም ይጎዳል።

የመስሚያ መሣሪያ የሞቱትን ሕዋሳት አይመልስም፤ ጩኸቱንም ከሥሩ አይነቅልም። የጎደለውን ድምፅ እየለየ ያጎላል። አንጎል በቂ የውጭ ድምፅ ሲያገኝ ጩኸቱ ለብዙዎች ወደ ኋላ ይላል፤ ለሁሉም ባይሆንም።

ችግሩ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ናቸው። የስኒ ኳኳታ፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ፣ የራስ እርምጃ ሳይቀር ጆሮ ይበሳል። አንጎል እነዚህን ድምፆች ረስቷቸው ስለቆየ እንደ አዲስ መልመድ አለበት። ብዙ መሣሪያ ኪስና ሣጥን ውስጥ የሚቀረው እዚህ ላይ ነው። እንግዳ ሲመጣ ወይም ለቅዳሴ ብቻ የሚያደርጉት ሰዎች ከማንም በላይ ይቸገራሉ፤ ሁልጊዜ እንግዳ ይሆንባቸዋልና። እኔ የምመክረው ቤት ውስጥ፣ ከአንድ ሰው ጋር በመነጋገር መጀመርን ነው። ጫጫታው የበዛበት የቡና ወሬና ለቅሶ ቤት ቆይቶ ይደርሳል። ቤተሰብም ከጓዳ ሆኖ መጣራቱን ትቶ ፊት ለፊት፣ ሳይጮኽ፣ ረጋ ብሎ ይናገር።

መስማት በአንድ ጆሮ በድንገት ከጠፋ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ሕክምናው ቶሎ ካልተጀመረ ጥቅሙ ይቀንሳል። በዚያው ቀን ሐኪም ይታይ። ጩኸቱ በአንድ ወገን ብቻ ከሆነ ወይም ከልብ ምት ጋር አብሮ ከመታም መመርመር ያስፈልገዋል።

“አልተስማማኝም” ተብሎ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ መሣሪያ ያላችሁ ደግሞ ወደ ገጠመላችሁ ባለሙያ ይዛችሁት ሂዱ። መሣሪያው እንደገና ይስተካከላል።