የጥርስ ሐኪም ቤት ተለማማጅ
በእንግሊዝ አገር በሥራ ላይ ስለሚሰጥ የሙያ ትምህርት

ንግድ ቤት በዕቃው ብዛትና በገንዘቡ መጠን ብቻ እንደማይጸና የታወቀ ነው። ዕቃውን የሚያውቅ፥ ደንበኛውን በክብር የሚቀበልና የተሰጠውን አደራ የሚጠብቅ ሠራተኛ ከሌለ፥ የመደርደሪያው መሙላት ለባለቤቱ ብዙ ጥቅም አይሰጠውም። እንዲህ ያለውን ሠራተኛ ግን ጊዜና ገንዘብ አውጥቶ በሥራው ላይ ማሠልጠን ያስፈልጋል። ይህ ወጪ ለአሠሪው ይመለስለታልን? በእንግሊዝ አገር የጥርስ ሐኪም ቤቶች ተለማማጅ ነርሶችን የሚያሠለጥኑበት ሥርዓት ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን ብዙ ነገር አለበት። የጥርስ ሐኪም ቤት ሠራተኞቹ ጥቂት፥ ዕቃው ውድ፥ ደንበኛውም ፈርቶ የሚገባበት ትንሽ ድርጅት ስለሆነ፥ ችግሩ ከብዙ ሱቆች ችግር የራቀ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የሙያው አጀማመር

ኤድመንድ ኬልስ የተባለው የአሜሪካ ጥርስ ሐኪም በ1885 በኒው ኦርሊንስ ከተማ አንዲት ሴት ረዳት ቀጠረ። በዚያን ጊዜ ሴት ብቻዋን ወደ ጥርስ ሐኪም ቤት መሄድ እንደ ነውር ይቈጠር ነበርና፥ ረዳቲቱ በመኖርዋ ሴቶች ያለ አጃቢ ለመምጣት ቻሉ፤ ለሐኪሙም አዲስ የደንበኞች በር ተከፈተለት።

በእንግሊዝ አገር ለጥርስ ሐኪም ረዳቶች ብሔራዊ ፈተና መስጠት የተጀመረው በ1943 ነው። ይሁን እንጂ ሙያው ለብዙ ዘመን ያለ መዝገብ ቈይቶ፥ ከ2008 ወዲህ ግን ማንም ሰው በጠቅላላው የጥርስ ሕክምና ምክር ቤት መዝገብ ስሙ ሳይገባ በዚህ ሙያ መሥራት በሕግ ተከልክሏል። ከዚህ ደንብ ነጻ የሆኑት በታወቀ ትምህርት ላይ ያሉ ወይም ትምህርቱን ለመጀመር የሚጠባበቁ ተለማማጆች ሲሆኑ፥ እነርሱም በተመዘገበ ባለሙያ ቊጥጥር ሥር መሥራት ይገባቸዋል።

የመጀመሪያዎቹ ወራት

ትምህርቱ በአብዛኛው አንድ ዓመት ተኩል ያህል ይፈጃል። ከተለማማጆቹ የሚበዙት ሴቶች ናቸው። ተለማማጅዋ በጉበት ላይ ጉዳት የሚያደርሰውንና በደም የሚተላለፈውን በሽታ ለመከላከል የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ትከተባለች፤ ስለ በሽተኞች ያየችውንና የሰማችውንም በምሥጢር ለመጠበቅ ግዴታ ትገባለች። ከዚያም በኋላ አስቀድሞ ከሚሰጣት ሥራ አንዱ፥ ለተመልካች ቀላል የሚመስለው መሣሪያ ማጽዳት ነው።

ነገር ግን ብዙ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ይኸው ሥራ ነው። መሣሪያው በእጅ ሲታጠብ የውሃው ሙቀት ከ45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማለፍ የለበትም፤ ከዚያ በላይ የሞቀ ውሃ ደሙን እንደ እንቁላል አርግቶ በብረቱ ላይ ያጣብቀዋልና ነው። ከታጠበ በኋላ በማጉሊያ መስተዋት ይመረመራል። ቀጥሎም ኦቶክላቭ በሚባለው የእንፋሎት ማሽን ውስጥ ገብቶ፥ ከ134 እስከ 137 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ቢያንስ 3 ደቂቃ ይቈያል። ማሽኑ በየቀኑ እየተፈተነ ውጤቱ በመዝገብ ይጻፋል። ተለማማጅዋ ቅደም ተከተሉን ብቻ ሳይሆን ምክንያቱንም እንድታውቅ ይፈለጋል፤ ምክንያቱን ያላወቀ ሰው ሥራ በበዛበት ቀን አንዱን ደረጃ ዘልሎ ማለፉ አይቀርም። በደንብ ያልጸዳ መሣሪያ የአንዱን ሰው በሽታ ወደ ሌላው ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ጉድለቱም ሁልጊዜ በዓይን የሚታይ አይደለም።

ሌላው ትምህርት የጥርስ አቈጣጠር ነው። የጐልማሳ ሰው ጥርስ 32፥ የሕፃን የወተት ጥርስ 20 ነው። የጐልማሳ ሰው አፍ በአራት ክፍል ተከፍሎ፥ በእያንዳንዱ ክፍል ያሉት ጥርሶች ከፊት ወደ ኋላ ከ1 እስከ 8 ይቈጠራሉ። ሐኪሙ እየመረመረ ሲጠራ ተለማማጅዋ ትጽፋለች። የሚጠራው ቀኝና ግራ የበሽተኛው እንጂ ከፊቱ ያለው ሰው ስላይደለ፥ ጀማሪ ሁሉ በቀላሉ ሊደናገር ይችላል። በሱቅ መዝገብ የተሳሳተ ቊጥር በማግሥቱ ይታረማል፤ በስሕተት የተነቀለ ጥርስ ግን አይመለስም። ስለዚህ ተለማማጅዋ በደንብ ያልሰማችውን ሳታፍር ደግማ እንድትጠይቅ፥ ሐኪሙም ሳይቈጣ ደግሞ እንዲነግራት ያስፈልጋል።

ከወንበሩ አጠገብ

በቀኝ እጁ የሚሠራው ሐኪም በበሽተኛው ቀኝ ወይም ከራስጌው ሲቀመጥ፥ ነርሷ በግራ በኩል ትቀመጣለች። ምራቁንና ውሃውን በመሳቢያው ቱቦ ትስባለች፤ ሐኪሙ ዓይኑን ከጥርሱ ሳያነሣ የሚፈልገውን መሣሪያ ታቀብለዋለች፤ የጥርስ ቅርጽ የሚወሰድበትንም ዱቄት በልክ ከውሃ ጋር ትለውሳለች። ይህ ልውስ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሚጠነክር ሲሆን፥ ውሃው የሞቀ እንደሆነ ከታሰበው ጊዜ ቀድሞ ይረጋል። ይህን የመሰለውን ሥራ በቃል ብቻ ማስተማር አይቻልም፤ እጅ ራሱ መልመድ አለበት።

ሐኪሙ በሥራ ላይ ሳለ የሚያየው ጥርሱን ነው፤ የበሽተኛውን ፊትና እጅ የምታየው ግን ነርሷ ናት። ፊቱ ሲገረጣ ወይም የወንበሩን ክንድ አጥብቆ ሲይዝ አይታ ለሐኪሙ ታመለክታለች፤ በሽተኛውንም በለሰለሰ ቃል ታጽናናለች። ፈርቶ የመጣ ሰው በሚቀጥለው ቀጠሮ መመለሱ ወይም መቅረቱ በዚህ አቀባበል ላይ የሚመሠረትበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከዚህም በቀር የዕቃ ቤቱ ጥበቃ ከነርሷ ሥራ አንዱ ክፍል ነው። የእጅ ጓንቱ በየልኩ፥ የማደንዘዣው መድኃኒትና የጥርስ መሙያው በየዓይነቱ ተቈጥሮ ይያዛል፤ ጊዜው ቀድሞ የሚያልፈው ቀድሞ እንዲወጣ በፊት ይደረደራል። ተጠቅልሎ በእንፋሎት የጸዳ መሣሪያ እንኳ ቀን ይጻፍበታል፤ ከ12 ወር በላይ ሳይሠራበት ቢቈይ እንደገና መጽዳት አለበት። ይህ ሥራ ለባለ ሱቅም ሆነ ለመድኃኒት አስመጪ እንግዳ አይደለም።

ስለ ወጪውና ስለ ጥቅሙ

በእንግሊዝ ሕግ ተለማማጅ ደመወዝ ይከፈለዋል እንጂ የትምህርት ዋጋ አይጠየቅም። በአፕሪል 2025 ለተለማማጅ የተወሰነው ዝቅተኛ ክፍያ በሰዓት 7 ፓውንድ ከ55 ፔኒ ሲሆን፥ 21 ዓመት ለሞላው ሌላ ሠራተኛ የተወሰነው 12 ፓውንድ ከ21 ፔኒ ነበር። ከአፕሪል 2017 ወዲህም የዓመት የደመወዝ ወጪያቸው ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ የሚያልፍ ድርጅቶች፥ ከዚህ ልክ ባለፈው ደመወዝ ላይ 0.5 በመቶ ለሥልጠና እንዲከፍሉ ተደንግጓል።

በሁለቱ ክፍያዎች መካከል ያለው ልዩነት አሠሪውን ወደ ስሕተት ሊመራው ይችላል። ተለማማጅዋን እንደ ርካሽ ጉልበት ቈጥሮ ቀኑን ሙሉ ዕቃ ስታጥብ እንድትውል ያደረጋት እንደሆነ፥ ጊዜው ሲያልቅ ፈተናውን ለማለፍ ያዳግታታል፤ እርስዋ ዕድሜዋን፥ እርሱም ድካሙን ያጣሉ። ትክክለኛው ሒሳብ ግን ሌላ ነው። የአሠሪው ትልቁ ወጪ ደመወዙ ሳይሆን፥ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሥራውን አዘግይቶ ለማስረዳት የሚያውለው ጊዜ ነው። ይህን ጊዜ ያልቈጠበ አሠሪ በኋላ ሁለት እጅ ሳይሆን አራት እጅ ይዞ ይሠራል።

ብዙ አሠሪዎችን የሚያሳስባቸው፥ የሠለጠነ ሰው ትቶአቸው ይሄዳል የሚለው ሥጋት ነው። ሥጋቱ መሠረት የለውም ሊባል አይችልም፤ ስምዋ በመዝገብ የገባ ነርስ ወደ ወደደችው ሐኪም ቤት ለመሄድ ነጻ ናትና። ሆኖም ለመቈየት የሚያበቃት መንገድ አለ። ፈተናውን ስታልፍ ደመወዝዋ ከሙያዋ ጋር ከፍ ሊል፥ በተጨማሪ ትምህርትም ራጅ ለማንሣት ወይም ስለ አፍ ጤና ለማስተማር ልትበቃ ትችላለች። ደንቡም ራሱ ትምህርቱ እንዳይቋረጥ በየአምስት ዓመቱ ቢያንስ 50 ሰዓት እንድትማር ያስገድዳል።

ለነጋዴው የሚጠቅመው

በአገራችንም ልብስ ሰፊው፥ መካኒኩና ወርቅ ሠሪው ሙያቸውን ለረዳቶቻቸው የሚያስተላልፉት በሥራ ላይ ነው። የእንግሊዞቹ ሥርዓት በዚህ ላይ የሚጨምረው አራት ነገር ነው፦ 1ኛ፥ ተለማማጁ ምን ምን ማወቅ እንደሚገባው አስቀድሞ በጽሑፍ መወሰን፤ 2ኛ፥ ከሥራው ሰዓት ለትምህርት የሚሆን ጊዜ መለየት፤ 3ኛ፥ ከአሠሪው ውጭ በሆነ አካል መፈተን፤ 4ኛ፥ ያለፈውን ምስክር ወረቀት መስጠት።

የኋለኞቹ ሁለቱ የሕግና የትምህርት ቤት እርዳታ ያስፈልጋቸው ይሆናል። የፊተኞቹን ሁለቱን ግን ማናቸውም ባለ ሱቅና አስመጪ በራሱ ሥልጣን ሊፈጽማቸው ይችላል። ረዳቱ በስድስት ወር ውስጥ የሚማራቸውን ሥራዎች፥ ማለት የዕቃ ቈጠራን፥ የደረሰኝ አጻጻፍንና የደንበኛ አቀባበልን በአንድ ወረቀት ላይ ዘርዝሮ ቢያስቀምጥ፥ በሳምንትም አንድ ሰዓት ሱቁ ጭር በሚልበት ጊዜ ምክንያቱን ጭምር ቢያስረዳው፥ ሙያውን ባወቀ ጊዜ የሚያገኘውንም የደመወዝ ጭማሪ ከመጀመሪያው ቀን ቢነግረው፥ ጥቅሙን በሒሳብ መዝገቡ ላይ ለማየት ብዙ ጊዜ አይቈይበትም።