ካሜራ ይዞ ባሕር ውስጥ ከመጥለቅ በፊት በየብስ ላይ ምን መማር ያስፈልጋል?

በየዓመቱ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት በዓለም ላይ ካሉ ዓሦች ሁሉ ግዙፉ የሆነው ዌል ሻርክ በጂቡቲ የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ይታያል። ጎብኚዎችም ካሜራቸውን ይዘው ወደ ሥፍራው ያቀናሉ። ነገር ግን የፎቶግራፍን መሠረታዊ ዕውቀት በየብስ ላይ ሳይቀስም ባሕር የገባ ሰው ደብዛዛና ሰማያዊ የዋጠው ምስል ይዞ መመለሱ አይቀርም። ከዚያም የከፋ አደጋ ሊገጥመው ይችላል።

ውሃ ብርሃንን ምን ያደርገዋል?

ውሃ ሁሉንም ቀለማት እኩል አያሳልፍም። ቀይ በጥቂት ሜትሮች ጥልቀት መደብዘዝ ይጀምራል፤ ብርቱካናማና ቢጫ ይከተሉታል። በጥልቅ ውሃ ውስጥ የሚፈስ ደም እንኳ አረንጓዴ መስሎ ይታያል።

የጠፋውን ቀለም የሚመልሰው ፍላሽ ነው። ሆኖም ፍላሹ ከሌንሱ አጠገብ ሆኖ ፊት ለፊት ከበራ በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፉ ብናኞችን ስለሚያደምቅ ምስሉ በረዶ የዘነበበት ይመስላል። በመሆኑም ብርሃኑ ከጎን እንዲመጣ ይደረጋል፤ ፎቶ አንሺውም በተቻለ መጠን ወደሚያነሳው ነገር ይቀርባል።

ልምምዱ ከቤት ይጀምራል

ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት የጊዜ ርዝመት፣ የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት እና አይኤስኦ የሚባለው የብርሃን መቀበያ መጠን እርስ በርስ የተሳሰሩ ናቸው። አንዱ ሲለወጥ ሌላው መስተካከል አለበት። በምሽት፣ ደብዛዛ ክፍል ውስጥ የምትሯሯጥ ድመትን አጥርቶ ማንሳት የቻለ ሰው የባሕሩን ፈተና በከፊል ተወጥቷል ማለት ይቻላል። በሁለቱም ቦታ ብርሃኑ አናሳ ነው፤ የሚነሳውም ነገር ከመንቀሳቀስ አያርፍም።

ለምን አደገኛ ይሆናል?

በ10 ሜትር ጥልቀት ግፊቱ ከባሕሩ ገጽ እጥፍ ስለሚሆን በጀርባ የሚታዘለው አየር በእጥፍ ፍጥነት ያልቃል። ዓይኑን ከካሜራው ቁልፎች ያልነቀለ ጠላቂ ይህን ላያስተውል ይችላል።

በየብስ ላይ የተለመደ አንድ ነገር ግን እዚህ መተው አለበት። ብዙ ፎቶ አንሺዎች እጃቸው እንዳይንቀጠቀጥ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ከሲሊንደር አየር የሚተነፍስ ጠላቂ ትንፋሹን ይዞ ወደ ላይ ከወጣ ግን በሳንባው ውስጥ ያለው አየር ይሰፋል፤ ሕይወቱንም ሊያሳጣው ይችላል።

ጉዳቱ ለባሕሩም ይተርፋል። ከጂቡቲ በስተሰሜን፣ በ2016 እ.አ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የሱዳኑ ሳንጋኔብ በኮራል ሪፎቹ ይታወቃል። ሚዛኑን ያልጠበቀ ጠላቂ በአንድ እርግጫ የሚሰብረው ኮራል ለማደግ በርካታ ዓመታት የፈጀ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው፦ በቅድሚያ ካሜራን በየብስ ላይ፣ ቀጥሎ መጥለቅን ያለ ካሜራ፣ በመጨረሻም ሁለቱን አንድ ላይ፣ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ መለማመድ ነው።