ጠላቂን የሚያሞቅ ባትሪ

በመቱ ዳርቻ በሚያልፈው የሶር ወንዝ ማለዳ የታጠበ ሰው እንደሚያውቀው፣ ውሃ የሰውነትን ሙቀት ፈጥኖ ይወስዳል፤ ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ ከአየር 25 ጊዜ ያህል ይበልጣልና። በቀዝቃዛ ባሕር የሚሠሩ ጠላቂዎች ከልብሳቸው ሥር በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ሰደርያ የሚለብሱት ለዚህ ነው። ለመሆኑ ባትሪውን ከማሞቂያው ሽቦ ጋር በቀጥታ ማገናኘት አይበቃምን?

በተከታታይ የተያያዙ 4 የሊትየም አዮን ሴሎች ሲሞሉ 16.8 ቮልት፣ ሊጨርሱ ሲቃረቡ 12 ቮልት ያህል ይሰጣሉ። የሽቦው ሬዚስታንስ 3 ኦም ቢሆን፣ ኃይል የቮልቴጅ ስኩዌር ለሬዚስታንስ ሲካፈል ነውና፣ በመጀመሪያ 94 ዋት፣ በመጨረሻ 48 ዋት እናገኛለን። ይህ ቅደም ተከተል አደገኛ ነው። በጥልቀት ሳለ የሞቀ አካል ናይትሮጅንን አብዝቶ ይወስዳል፤ ወደ ላይ ሲመለስ የቀዘቀዘ አካል ግን በዝግታ ይለቃል። በደም ውስጥ የቀረው ናይትሮጅን አረፋ ሆኖ ሊያሽመደምድ፣ ሊገድልም ይችላል።

መፍትሔው ተቆጣጣሪ ሰርኪት ነው። በውስጡ ያለው ትራንዚስተር ከረንቱን በሰከንድ ብዙ ጊዜ ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ በ16.8 ቮልት ከጊዜው 51 በመቶ፣ በ12 ቮልት 100 በመቶ ክፍት ይሆናል። ስለዚህ አማካዩ ምንጊዜም 48 ዋት ነው። ለ2 ሰዓት 96 ዋት ሰዓት ያስፈልገናል፤ ብርድ የባትሪን አቅም ስለሚቀንስ ግን ትርፍ መያዝ ይገባናል።